ውሻን በሽልማት ማስተማር ማሞላቀቅ ነውን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ማኅበር ስም የተነገረ ንግግር)



የሳይንስ ማኅበራችን አባሎች በዚህ በዓል ላይ እንድናገር ሲመርጡኝ ርእሱን ለእኔ ተዉልኝ። ስለ ጨረቃ ወይም ስለ አቶም ኃይል የምናገር መስሎአችሁ የነበራችሁ ሁሉ፣ ስለ ውሻ መሆኑን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል። ነገር ግን ጨረቃ ሩቅ ናት፤ ውሻ ግን በየግቢያችን በር ላይ ተኝቷል። ዛሬ ጧት ወደዚህ ስትመጡ ስንት ውሻ እንደ ጮኸባችሁ፣ ስንቱንስ ድንጋይ አንሥታችሁ እንዳባረራችሁ ብታስቡ፣ ነገሩ የሁላችንም መሆኑን ትረዱታላችሁ።

ከዚህም በላይ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ በውሻ ነው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከልም ከ10ሩ 4ቱ ዕድሜአቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ውሻን የምናስተምርበት መንገድ ከዚህ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው በንግግሬ መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ። አስቀድሜ ግን በሽልማት ስለ ማስተማር በብዙ ሰው ዘንድ የሚነገሩትን የተሳሳቱ አስተያየቶች አንድ በአንድ ላቅርብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሽልማት ማስተማር ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩ አጭር ነው። ውሻው የምንፈልገውን ሥራ በሠራ ጊዜ ወዲያውኑ የሚወደውን ነገር እንሰጠዋለን፤ የማንፈልገውን በሠራ ጊዜ ግን ከዚያ ሥራ ምንም ትርፍ እንዳያገኝ እናደርጋለን። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሰውን ለመንቀፍ ነው፤ ስለ ውሻው ስለ ራሱ ከተወሰደ ግን ተረቱ እውነተኛ ምልከታ ነው። ውሻ ጥቅም ያገኘበትን ስፍራ፣ ጥቅም ያገኘበትንም ሥራ አይረሳም።

ሊቃውንትም ይህንኑ በሙከራ አረጋግጠውታል። በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የተራቡ ድመቶችን በሣጥን ውስጥ እየዘጋ፣ ምግቡን በውጭ አስቀመጠላቸው። የሣጥኑ በር የሚከፈተው ድመቲቱ አንድ ገመድ ስትስብ ወይም መወርወሪያውን ስትነካ ነው። ድመቲቱ በመጀመሪያ ትቧጥጣለች፣ ትነክሳለች፣ ትጮኻለች፤ ከዚያ በድንገት ገመዱን ትስባለች፤ በሩም ይከፈታል። ሙከራው ሲደጋገም ከንቱው ሥራ ሁሉ እየቀረ በሩን የሚከፍተው ሥራ ብቻ ቶሎ ይመጣ ጀመር። ቶርንዳይክም ከዚህ አንድ ሕግ አወጣ፤ ይኸውም ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ሥራ ይደገማል የሚል ነው። ከእርሱ በኋላ ስኪነር የተባለው ሊቅ ይህንኑ ሕግ በአይጦችና በርግቦች ላይ በሰፊው መረመረ። የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ የተባሉ ባልና ሚስት ደግሞ በ1947 የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው፣ ከዶሮ ጀምሮ ብዙ ዓይነት እንስሳትን ያለ ዱላ እያስተማሩ በሥራው ኖሩበት።

አሁን ይህን ሕግ ወደ ግቢያችን እናምጣው። ቡቺን «ና» ሲሉት እንዲመጣ ማስተማር ብንፈልግ፣ በመጀመሪያ በሁለት ርምጃ ርቀት ቆመን በደስታ ድምፅ እንጠራዋለን። በደረሰበት ቅጽበት «ጎበዝ!» ብለን የጣት ጥፍር የምታህል የዳቦ ቍራሽ እንሰጠዋለን። ይህን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ደጋግመን እናቆማለን። በማግስቱ በአምስት ርምጃ፣ በሳምንቱ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ እንጠራዋለን። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ከቍራሹ ጋር ዘወትር ስለሚሰማ፣ ትንሽ ቆይቶ ቃሉ ብቻውን ውሻውን ደስ ያሰኘዋል። ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነው። ዋናው ነገር ፍጥነት ነው፤ ሽልማቱ ከሥራው በኋላ ወዲያውኑ ካልደረሰ ውሻው ስለ ምን እንደ ተሸለመ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ አስተያየቶቹ እንለፍ።

አንደኛው «ይህ ጉቦ ነው» የሚል ነው። ጉቦና ዋጋ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉቦ ከሥራው በፊት ይታያል፤ ዋጋ ግን ከሥራው በኋላ ይከፈላል። አንድ የቀን ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ ማታ ገንዘቡን ቢቀበል ጉቦ በላ የሚለው ማን ነው? ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ መጽሐፍ የሚሸለሙት ጓደኞቻችንም ፈተናውን አስቀድመው አልፈዋል። እርግጥ ነው፤ ውሻው እንቢ ባለ ጊዜ ሥጋ እያሳየ «ና፣ ና» እያለ የሚለምን ሰው ጉቦ እየሰጠ ነው። ይህ ግን የአሠራር ጉድለት ነው እንጂ የትምህርቱ ሕግ አይደለም። ቍራሹ በኪስ ወይም በኋላ በተደበቀ እጅ ይሁን፤ መጀመሪያ ትእዛዙ፣ ቀጥሎ ሥራው፣ በመጨረሻ ዋጋው ይምጣ።

ሁለተኛው «እንዲህ የተማረ ውሻ ቍራሽ ካላየ አይታዘዝም፤ ዕድሜ ልኬን ዳቦ በኪሴ ይዤ ልዙርን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ውሻው ትምህርቱን በሚጀምርበት ጊዜ በየጊዜው መሸለም አለበት። ሥራውን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ሰጥተን ሁለት ጊዜ በ«ጎበዝ» ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንገቱን በማሻሸት እናልፈዋለን። በዚህ ጊዜ ውሻው ይሰንፋልን? አይሰንፍም። ዓሣ አጥማጅ መንጠቆውን በጣለ ቍጥር ዓሣ አያገኝም፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ስለሚያገኝ ሳይታክት ይጥላል። የውሻም ጠባይ እንደዚሁ ነው። ደግሞም ሽልማት ማለት ምግብ ብቻ አይደለም። ከሰንሰለት መፈታት፣ ከጌታው ጋር ወደ ሜዳ መውጣት፣ በኳስ መጫወት ሁሉ ለውሻ ታላቅ ሽልማት ነው። ውሻው በሩ ሳይከፈት በፊት ዐርፎ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ፣ ሲቀመጥ ብቻ በሩን ክፈቱለት፤ ሲዘል ግን ዝጉት። እዚህ ላይ ሽልማቱ በሩ ራሱ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛው አስተያየት ከሌሎቹ ይልቅ የተማረ ሰው ንግግር ይመስላል። እንዲህ ይላል፤ «ውሻ የተኩላ ዘር ነው። ተኩላዎች በኃይል የሚገዛቸው አለቃ አላቸው። ስለዚህ ባለቤቱ አለቅነቱን በኃይል ካላሳየ ውሻው ራሱ አለቃ ልሁን ይላል»። የዚህ አሳብ ምንጭ የታወቀ ነው። ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ሊቅ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የእንስሳት ማሳያ ውስጥ ታጥረው የሚኖሩትን ተኩላዎች ተመልክቶ በ1947 አንድ ጽሑፍ አወጣ። በ1970 ደግሞ ዴቪድ ሜች የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ስለ ተኩላ በጻፈው መጽሐፍ ይህን አሳብ በብዙ አገር አስፋፋው። ነገር ግን ሜች ራሱ በካናዳ ሰሜናዊ ደሴት ላይ በነፃነት የሚኖሩትን ተኩላዎች ለብዙ ዓመታት በቅርብ ከተመለከተ በኋላ፣ በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩ ሌላ መሆኑን ገለጸ። የዱር ተኩላ መንጋ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤተ ሰብ ነው። አለቆች የተባሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ልጆቹም የሚከተሏቸው ስለሚያሳድጓቸው ነው እንጂ በጠብ ስለ ተሸነፉ አይደለም። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ተኩላዎች በአንድ አጥር ቢታጐሩ ግን ይጣላሉ፤ ይህም የመታጐራቸውን ጠባይ እንጂ የተኩላን ጠባይ አያሳይም። ሜችም የቀድሞው መጽሐፉ ከእንግዲህ እንዳይታተም አሳታሚውን እስከ መለመን ደርሷል። ከዚህ ሌላ፣ ውሻ ከሰው ጋር ብዙ ሺህ ዓመታት የኖረ እንስሳ ስለ ሆነ ጠባዩ በሁሉ ነገር የተኩላ ጠባይ አይደለም። ሶፋ ላይ የወጣ ውሻ መንግሥት ለመገልበጥ አላሰበም፤ ሶፋው ስለ ለሰለሰው ነው።

አራተኛው አስተያየት በወላጆች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። «ውሻ የምናሳድገው ለጥበቃ ነው። በፍቅርና በቍራሽ ካደገ ሌባውን ጅራቱን እየቈላ ይቀበለዋል። ስለዚህ ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ በዱላ ተመትቶ ክፉ መሆን አለበት» ይላሉ። በዚህ አስተያየት ውስጥ ያለውን ሥጋት አልንቅም፤ ቤትን የመጠበቅ ነገር ቀላል አይደለምና። ግን ከጥሩ ዘበኛ የምንፈልገው ምንድን ነው? እንግዳ ሲመጣ እንዲያስታውቅ፣ «በቃ» ሲሉት እንዲያቆም፣ ወዳጅን ከባዕድ እንዲለይ ነው። በባዕድ ላይ መጮኽ ለውሻ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ ይህን ለማስተማር ዱላ አያስፈልግም። «በቃ» እና «ወዳጅ ነው» የሚሉትን ግን ማስተማር ይቻላል። ውሻው በበሩ ላይ ሲጮኽ ወጥተን አይተን «በቃ» እንላለን፤ ዝም ባለበት ቅጽበትም ቍራሽ እንሰጠዋለን። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራው ማስታወቅ ብቻ መሆኑን ያውቃል።

ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚመታ ውሻ ግን ሰውን ሁሉ ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ የሚነክሰው ሌባውን ብቻ አይደለም፤ ቅርብ የተገኘውን ነው። ብዙ ጊዜም ቅርብ የሚገኘው ምግቡን ይዞለት የሚመጣው የቤቱ ልጅ ወይም ኳሱን ለማንሣት አጥር የዘለለው የጐረቤት ልጅ ነው። ደግሞም ሌሊቱን ሙሉ በነፋሱም፣ በድመቱም፣ በመንገደኛውም የሚጮኽ ውሻ፣ ሌባው በእርግጥ የመጣ ዕለት ማን ተነሥቶ ያየዋል?

«በሽልማት የተማረ እንስሳ ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር አይታመንም» ለሚሉም አንድ ምሳሌ ልስጥ። በታንዛኒያ አገር በሞሮጎሮ ከተማ አፖፖ የተባለ ድርጅት ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን በመሬት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ በሽታ እንዲያገኙ ያስተምራል። አይጡ የፈንጂውን ሽታ ሲያገኝ መሬቱን ይጭራል፤ ወዲያውኑ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ የሙዝ ቍራሽ ይሰጠዋል። አይጥን ደብድቦ ፈንጂ ማስፈለግ እንደማይቻል ሁላችሁም ትረዱታላችሁ። ማጋዋ የተባለው አይጥ በካምቦዲያ አገር ብዙ ፈንጂዎችንና ሌሎች ያልፈነዱ መሣሪያዎችን ስላገኘ፣ በ2020 አንድ የእንግሊዝ አገር የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ሰዎች እግራቸውን በዚያ መሬት ላይ ያሳረፉት የአንድን አይጥ ትምህርት አምነው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር ምን አለ?

አምስተኛው አስተያየት «በሽልማት የሚያስተምር ሰው አይሆንም የሚል ቃል አያውቅም፤ ውሻው ያሻውን ያደርጋል» የሚል ነው። ይህም ስሕተት ነው። በሽልማት ማስተማር ሥርዐት አለው። ውሻው ጧት የትምህርት ቤት ልብሳችንን በጭቃ እግሩ እየዘለለ የሚያበላሸው ለምንድን ነው? ስለምንጮኽበትና በእጃችን ስለምንገፋው፣ ለእርሱ ይህ ሁሉ ጨዋታ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ሲዘል ጀርባችንን እንስጠው፤ ዝም እንበለው። አራት እግሩ መሬት ሲነካ ዞር ብለን እናሻሸው። የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲህ ካደረገ መዝለሉን ይተዋል፤ አንዱ ሲከለክል ሌላው ካጫወተው ግን ትምህርቱ ይፈርሳል። ሥጋ እንዳይሰርቅ ከፈለግንም ሥጋውን ከፍ ባለ ቦታ እናስቀምጥ። ለውሻ «ይህን አታድርግ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ፈንታ ይህን አድርግ» ብሎ ማሳየት ይበልጣል።

ስድስተኛው አስተያየት «ይህ የሀብታሞችና የፈረንጆች ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ነገር ግን በቆርቆሮ የታሸገ የውሻ ብስኩት አያስፈልገንም። ውሻው በቀን ከሚበላው ላይ ጥቂቱን ቀንሶ በትንንሽ ቍራሽ ማካፈል ይበቃል፤ ደረቅ ዳቦም፣ እንጀራም ይሆናል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ ነገር ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጐዳ ወጥ የነካው ፍርፋሪ ለሽልማት አይሁን። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል። በበዓል ቀን ደግሞ ከታረደው በግ ወይም በሬ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ክፉ ልማድ ነው። በሳንባውና በጉበቱ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እጢ የትል ዘር ሊሆን ይችላል፤ ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከውሻው ወደ ሰው፣ ይልቁንም ከውሻ ጋር ተጫውተው እጃቸውን ወደማይታጠቡ ልጆች ይተላለፋል።

ይህን ሁሉ ስናገር ዱላ ምንም አያስተምርም ማለቴ አይደለም። ዱላ አንድ ነገር በእርግጥ ያስተምራል፤ ይኸውም ዱላ የያዘውን ሰው መፍራት ነው። ውሻው ጧት ሥጋ ሰርቆ ማታ ቢመታ፣ የሚያስታውሰው ሥጋውን ሳይሆን ጌታው ማታ ከሥራ ሲመለስ እንደሚመታ ነው። «ጥፋቱንማ ያውቃል፤ ፊቱን አታዩትም?» የሚሉ አሉ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ በ2009 ባወጣችው ጥናት ይህንኑ መረመረች። ውሾቹ የተከለከለውን ምግብ በልተውም ሳይበሉም ባለቤቶቻቸው ይቈጧቸው ነበር። ጥፋተኛ የሚመስለው ፊት የታየው በተቈጡ ጊዜ ነው፤ ምንም ያላጠፉትም እንኳ ይህንኑ ፊት አሳይተዋል። እንግዲህ ያ ፊት ንስሐ ሳይሆን ፍርሃት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ውሻ ሲያጉረመርም «ፈርቻለሁ፣ ራቅ በልልኝ» ማለቱ ነው። ስላጉረመረመ ብንመታው ማጉረምረሙን ሊተው ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን በውስጡ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። በ2009 በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ጠባያቸው ስለ ከፋ ውሾች 140 ባለቤቶችን ጠይቀው ነበር። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሚያውቁት መካከል 43 ከመቶ የሚሆኑት ውሻው በዚያው ጊዜ በቍጣ እንደ መለሰላቸው ተናገሩ። ከዚያ አስቀድሞ በ2004 በእንግሊዝ አገር 364 ባለ ውሾች ተጠይቀው፣ ብዙ ቅጣት በሚጠቀሙት ዘንድ የከፋ ጠባይ በርክቶ ተገኘ፤ ታዛዥነት የተገኘው ግን ከሽልማት ጋር ነው።

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ «ውሻው ስለ ተመታ ከፋ ወይስ ስለ ከፋ ተመታ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ በመጠየቅ ብቻ የተሠራ ጥናት ይህን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ በ2020 በእንግሊዝ አገር የወጣውን ሌላ ጥናት ልጨምር። ሲጠሩ የማይመጡ 63 ውሾች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ከሦስቱ አንዱ በአንገት ላይ በሚታሰርና በኤሌክትሪክ በሚያስደነግጥ መሣሪያ ተማረ፤ ሌላው ያለዚያ መሣሪያ በዋናነት በሽልማት ተማረ። የሚያስደነግጠው መሣሪያ አልበለጠም፤ በሽልማት የተማሩት እኩል ወይም የተሻለ ታዘዙ። ያለ ሥቃይ የሚገኘውን ነገር በሥቃይ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል?

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስሁት ጉዳይ እመለሳለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚሸነፈው ውሾችን በመከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶ የሚሆኑት ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ሲመጣ ግን ውሻውን የሚይዘው ማን ነው? ከሰው እጅ ዱላና ድንጋይ ብቻ የለመደ ውሻ ገና እጅ ሲዘረጋ ይሸሻል ወይም ይነክሳል። ሳይከተብ ይቀራል፤ የሚመጣውም አደጋ ለቤቱ ልጆች ይተርፋል። ከእጅ ቍራሽ የለመደ ውሻ ግን ቆሞ ይከተባል።

ይህንንም በሁለት ሳምንት ማስለመድ ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን አንገቱን ነክታችሁ ቍራሽ ስጡት። ቀጥሎ የአንገቱን ማሰሪያ ይዛችሁ ወዲያው እየለቀቃችሁ ስጡት። ከዚያ እስከ ሁለት፣ እስከ አምስት፣ እስከ ዐሥር እየቈጠራችሁ ያዙት። በመጨረሻም የትከሻውን ቆዳ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ቈንጥጡና ስጡት። ከፈራ ወደ ቀድሞው ርምጃ ተመለሱ፤ አታስገድዱት። ትናንሽ ልጆች ይህን ብቻቸውን አያድርጉ፤ አዋቂ ሰው አብሮ ይቁም። ከዚህ በፊት ሰው የነከሰ ውሻ ከሆነ አስቀድማችሁ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሀጩን የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ የሚማር ውሻ ሳይሆን የታመመ ውሻ ነው። ከእርሱ ራቁ፤ ለሚመለከታቸውም አስታውቁ። ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ ከሞት የሚያመልጡበት አይደለምና ቤት ውስጥ «እስኪ ይታይ» ብሎ መቆየት አይገባም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ውሻውን ሰው አድርጋችሁ በሶፋ ላይ አስቀምጡት አላልሁም። ዘበኛችሁ ዘበኛ ሆኖ ይኑር፤ ግን ደመወዙን በሠራበት ጊዜ ይቀበል። ውድ ጓደኞቼ፤ እናንተም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር ብቻ እንድትሞክሩ እለምናችኋለሁ። የግቢያችሁን ውሻ በሁለት ርምጃ ርቀት ቆማችሁ ጥሩት፤ ሲመጣም አንዲት ቍራሽ ስጡት። ነገም ድገሙት። የክትባት ቀን ሲደርስ በስሙ ስትጠሩት ወደ እናንተ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ ለውሻውም፣ ለታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁም እንደ ጠቀመ ታያላችሁ።